ትንፋሽ ከመድኃኒቱ ጎን፦ ዮጋ ለማህፀን ካንሰር ሕሙማን

(የመክፈቻ ሙዚቃ፤ ቀስ እያለ ይወርዳል)

በጅግጅጋ፣ በአውበሬ፣ በቶጎ ጫሌ፣ በቀብሪበያህ፣ በተለይም በሸደር ያላችሁ እናቶችና እህቶች፣ ምሳ ጥዳችሁ፣ ልጅ አቅፋችሁ ወይም አሟችሁ ጋደም ብላችሁ የምታዳምጡን ሁሉ ሰላማችን ይድረሳችሁ።

የዛሬው ዝግጅታችን በማህፀንና በአካባቢው በሚነሣ ካንሰር ለታመሙ ሴቶች፣ እነሱንም ለሚያስታምሙ ቤተሰቦች የተሰናዳ ነው። ስለ ቀዶ ሕክምናው፣ ስለ ኬሞው፣ ስለ ጨረሩ ሐኪሞች ይነግሯችኋል። እኛ ደግሞ በሽታው ከሰውነት አልፎ ልብ ውስጥ ስለሚያደርገው ነገር እናወራለን፤ ስለ ጭንቀቱ፣ እንቅልፍ በዓይን ሳይዞር ስለሚነጋው ሌሊት፣ ሆድ ባር ባር ስለሚልበት ሰዓት። ለዚህ የሚረዳ፣ ገንዘብ የማይጠይቅ፣ አንዲት ሰሌን ላይ የሚሠራ ነገርም እናሳያችኋለን። ስሙ ዮጋ ነው።

ገና ስሙን ስትሰሙ ግር ያላችሁ እንዳላችሁ እናውቃለን። ታገሱን፤ ወደዚያ እንደርሳለን።

(አጭር ሙዚቃ)

በመጀመሪያ ስለ በሽታው ጥቂት እንበል። ሰው በጥቅሉ የማህፀን ካንሰር ይለዋል እንጂ ዓይነቱ ብዙ ነው። ከማህፀን በር የሚነሣ አለ፤ ከማህፀን ውስጠኛው ግድግዳ የሚነሣ አለ፤ ከእንቁልጢ የሚነሣም አለ። በአገራችን ከሦስቱ በብዛት የሚታየው የማህፀን በር ካንሰር ነው። በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሚደርሱ ካንሰሮች ከጡት ካንሰር ቀጥሎ ሁለተኛ ሲሆን፣ በየዓመቱ ከ7 ሺህ በላይ ሴቶች ይያዙበታል፤ ከ5 ሺህ በላይ የሚሆኑት ደግሞ ይሞቱበታል ተብሎ ይገመታል። ሁለቱ ቁጥሮች መቀራረባቸው ያሳዝናል። አብዛኞቹ ሴቶች ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት በሽታው ሥር ከሰደደ በኋላ መሆኑን ይነግረናልና።

ለምን ይዘገያል? መንገዱ ሩቅ ነው፣ ገንዘብ የለም፣ ልጆቹን የሚይዝ ሰው የለም፤ ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን ሌላም ምክንያት አለ፤ እሱም ኀፍረትና ፍርሃት ነው። ከግንኙነት በኋላ ደም ያየች ሴት፣ የወር አበባዋ ከቆመ ዓመታት በኋላ ደም ያየች እናት፣ ሽታ ያለው ፈሳሽ የሚያስቸግራት እህት፣ ሆድ ይፍጀው ብላ ትቀመጣለች። ለባሏ አትናገርም፣ ለእህቷም አትናገርም። ጎረቤት «ምን ሠርታ ነው?» እንዳይላት ትፈራለች።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ እንናገር። የማህፀን በር ካንሰርን የሚያመጣው ኤች ፒ ቪ የሚባል ቫይረስ ነው። በግንኙነት የሚተላለፍ፣ በዓለም ላይ እጅግ የተለመደ ቫይረስ ነው፤ ግንኙነት ከሚያደርጉ ሰዎች አብዛኞቹን በሕይወታቸው አንድ ጊዜ ያገኛቸዋል። በባሏ ብቻ የጸናች ሴትም ልትያዝ ትችላለች። ብዙውን ጊዜ ሰውነት ራሱ ያጠፋዋል። በአንዳንዷ ላይ ግን ለዓመታት ተደብቆ ይቆይና የማህፀን በርን ሕዋስ ይለውጣል። ስለዚህ ካንሰሩ የማንም ሴት የጠባይ ማስረጃ አይደለም። የታመመች ሴት ያለባት የሕመም ሸክም ይበቃታል፤ የወቀሳ ሸክም አንጨምርባት።

አሁን ከሸደር የምትነሣ አንዲት ሴትን በዓይነ ኅሊናችን እንከተል። ሸደር እ.ኤ.አ. በ2008 ከሶማሊያ ጦርነት ሸሽተው ለመጡ ሰዎች የተከፈተ የስደተኞች መጠለያ ነው፤ በዙሪያውም ነባሩ ሕዝብ ይኖራል። ሴትየዋ በጤና ጣቢያ ታየች፤ ሪፈር ተጻፈላት፤ ጅግጅጋ ደረሰች። እዚያ ናሙና ተወስዶ ካንሰር ነው ተባለች። ስደተኛ ከሆነች የመውጫ ፈቃድም ያስፈልጋታል። ከዚያ ካራማራን ተሻግሮ፣ በባቢሌ አልፎ ሐረር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ለረጅም ጊዜ የጨረር ሕክምና ያለው በዚያው በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ተጀምሮ ከ20 ዓመት በላይ የአገሩ ብቸኛ የጨረር ማዕከል ሆኖ ቆይቷል። ወረፋው ወራት የሚፈጅበት ጊዜም ነበር። ሕክምናውን ወደ ክልል ለማውረድ በተያዘው ዕቅድ የሐረሩ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ከጅማ፣ ከሐዋሳ፣ ከጎንደርና ከመቀሌ ጋር ተመርጧል። ስለዚህ ሪፈር ሲጻፍላችሁ «ዶክተር፣ ሐረር መታከም እችላለሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህች ጥያቄ ብዙ መንገድና ብዙ ብር ልታተርፍላችሁ ትችላለች።

አዲስ አበባ መሄድ የግድ ከሆነባችሁ ደግሞ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ የሚባል ድርጅት አለ። የአራት ዓመት ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡት አቶ ወንዱ በቀለና ባለቤታቸው እ.ኤ.አ. በ2004 ያቋቋሙት ነው። ከክልል መጥተው ማረፊያ ያጡ ሕሙማንን አሳርፎ ይረዳል። ይህንንም ሐኪሙን ወይም የሆስፒታሉን ማኅበራዊ ሠራተኛ ጠይቁ።

እንግዲህ ይህች ሴት ጨረር ስትጀምር ከሰኞ እስከ ዓርብ በየቀኑ፣ ለአምስት ሳምንት ገደማ ትመላለሳለች፤ በመሐሉ ኬሞ ይሰጣታል፤ በመጨረሻም በማህፀን በኩል የሚሰጥ የውስጥ ጨረር ይከተላል። በማታውቀው ከተማ፣ ምናልባትም በደንብ በማትሰማው ቋንቋ፣ ልጆቿን ጥላ። ቀን ከሰው ጋር ስለሆነች ደህና ትመስላለች። ሌሊት ግን ሐሳብ ይበላታል። ልቧ ትርትር ይላል። ትከሻዋ ወደ ጆሮዋ ይሰበሰባል፤ መንጋጋዋን ነክሳ ታድራለች፤ ትንፋሿ አጭር ሆኖ ደረቷ ላይ ይቀራል።

ይህ ድክመት አይደለም። ሰውነታችን አደጋ ሲያይ እንዲህ እንዲሆን ተፈጥሯል። አድሬናሊንና ኮርቲዞል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ይለቀቃሉ፤ ልብ ይፈጥናል፤ ጡንቻ ይወጠራል፤ ሆድ ይታወካል። አደጋው አንበሳ ቢሆን ኖሮ ሮጠን አምልጠን ሰውነታችን ይረጋ ነበር። ካንሰር ግን ሮጠው የማያመልጡት ነገር ነው። ሌባ ከሄደ በኋላም እስኪነጋ እንደሚጮህ ውሻ፣ ሰውነት ማስጠንቀቂያውን ሳያቆም ያድራል። በዚህ ላይ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ምግብ ይዘጋል፣ ሕመሙ ከሚያመው በላይ ያማል፣ ቀጠሮ መሄድም ያስጠላል።

ውሻውን ዝም የምናሰኝበት አንድ በር ግን በእጃችን ላይ አለ። ልባችንን «ቀስ በል» ብለን ማዘዝ አንችልም፤ ሆዳችንንም እንዲሁ። ትንፋሻችንን ግን ማዘዝ እንችላለን። ትንፋሽ ቀስ ብሎ፣ ረዘም ብሎ ሲወጣ ከአንጎል ወደ ልብና ወደ ሆድ የሚወርደው ትልቅ ነርቭ ልብን ያዘገያል። ዮጋ በአመዛኙ የሚሠራው በዚህ በር በኩል ነው፤ ቀስ ያለ ትንፋሽ፣ ከትንፋሹ ጋር የሚሄድ ለስላሳ እንቅስቃሴ፣ ከዚያም አስተውሎ ማረፍ።

(አጭር ሙዚቃ)

«ይህ የሌላ ሃይማኖት አይደለም ወይ?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ልናልፈው አንፈልግም። ዮጋ ከጥንታዊት ሕንድ የመጣ ነው፤ በዚያም ከእምነት ጋር የተያያዘ ገጽ አለው። እ.ኤ.አ. በ2008 የማሌዥያ የፈትዋ ምክር ቤት ከመዝሙርና ከአምልኮ ጋር የሚደረገውን ዮጋ ለሙስሊሞች ከልክሎ ነበር፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ሚኒስትር ደግሞ ያለ መዝሙሩ ሰውነትን ማንቀሳቀሱ እንደማይከለከል ወዲያው ተናገሩ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2017 ሳዑዲ ዐረቢያ ዮጋን እንደ ስፖርት እንቅስቃሴ ፈቀደች። ለዚህ ለዓመታት የደከመችው ኑፍ አል መርዋዒ የምትባል የአገሪቱ ሴት ናት፤ እሷ ራሷ ሉፐስ በሚባል ከባድ በሽታ የታመመችና በዮጋ የተረዳች ናት።

እኛ ዛሬ የምናሳያችሁ ትንፋሽና እንቅስቃሴ ብቻ ነው። መዝሙር የለውም፤ ስግደት የለውም። ልባችሁን የሚያሳርፍ ቃል ከፈለጋችሁ የራሳችሁን ዚክር ወይም ጸሎት ከትንፋሹ ጋር ማድረግ ትችላላችሁ። አሁንም ልባችሁ ካልፈቀደ ሼኻችሁን ወይም የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። ሰላም ፈልጎ የተጀመረ ነገር ሌላ ጭንቀት ሊሆን አይገባውም።

ይሠራል ወይ? ጥናት ምን ይላል? በአሜሪካ የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሕክምና ጨርሰው እንቅልፍ ያጡ 410 የካንሰር ታካሚዎችን ለሁለት ከፍለው ነበር። ግማሾቹ የተለመደውን ክትትል ብቻ አገኙ፤ ግማሾቹ ደግሞ በሳምንት ሁለቴ ለአራት ሳምንት ለስላሳ ዮጋ ሠሩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2013 ታተመ፤ ዮጋ የሠሩት የተሻለ ተኙ፣ የእንቅልፍ ክኒን መውሰድም ቀነሱ። ከተሳታፊዎቹ አብዛኞቹ የጡት ካንሰር የነበራቸው ሴቶች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2023 የአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞች ማኅበር ከሌላ የሙያ ማኅበር ጋር ያወጣው መመሪያም ለካንሰር ሕሙማን ጭንቀትና ድባቴ ልብን ሰብስቦ የማስተዋል ልምምድን በጥብቅ ይመክራል፤ ዮጋንም በተለይ ለጡት ካንሰር ሕሙማን ያቀርባል። በማህፀን ካንሰር ላይ የተሠሩት ጥናቶች ቁጥራቸው ያነሰ ነው። ጭንቀቱና እንቅልፍ ማጣቱ ግን የሁለቱም ሕሙማን ስለሆነ፣ በብዙ የካንሰር ማዕከላት ለሁለቱም ይሰጣል።

ለእኛ ለሸደር ሰዎች ይበልጥ ልብ የሚነካው ግን በኡጋንዳ የተደረገው ነው። በራይኖ የስደተኞች ሰፈር ያሉ 694 የደቡብ ሱዳን ሴቶች በአንድ ጥናት ተሳተፉ። ከነሱ የተወሰኑት በቡድን ተሰብስበው በገዛ ቋንቋቸው የተቀዳ ድምፅ እያዳመጡ፣ ስለ ጭንቀት እየተማሩ፣ እግራቸው መሬት መርገጡን እያስተዋሉ ቀስ ብለው መተንፈስን ተለማመዱ። በሳምንት አንዴ፣ ለአምስት ሳምንት። የሚመሩት ሥነ ልቦና ባለሙያዎች ሳይሆኑ አጭር ሥልጠና የወሰዱ ሰዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ውጤት ጭንቀታቸው መቀነሱን፣ ከሦስት ወር በኋላም መሻሻሉ መቀጠሉን አሳየ። እነዚያ ሴቶች የካንሰር ሕሙማን አልነበሩም፤ ልምምዱም ዮጋ አይባልም። ግን በስደትና በድካም መካከል የተቀዳ ድምፅና የሴቶች ክበብ ምን ሊያደርጉ እንደሚችሉ አሳይተውናል። ሬዲዮ ያለው ሰፈር ሁሉ ይህን ማድረግ ይችላል።

አሁን አብረን እንሥራ።

(ሙዚቃው ይጠፋል፤ ድምፅ ዝግ ይላል)

በሩን ዝጉት። ሰሌናችሁን ወይም ምንጣፋችሁን አንጥፉ። ባቲ ለብሳችሁ ከሆነ ተመችቷችኋል፤ ሌላ ልብስ አያስፈልግም። ጀርባችሁን ግድግዳ ላይ አስደግፋችሁ ተቀመጡ። መሬት ላይ መቀመጥ የሚያማችሁ ወንበር ላይ ሁኑ። መቀመጥ የማትችሉ በጎናችሁ ተኙ፤ በጉልበቶቻችሁ መሐል ትራስ ወይም የተጠቀለለ ነጠላ አድርጉ።

አንድ እጃችሁን ከእምብርታችሁ በላይ፣ ሌላውን ደረታችሁ ላይ አሳርፉ። ምንም አትለውጡ፤ ትንፋሻችሁ የትኛውን እጅ እንደሚያነሣ ብቻ አስተውሉ።

(ዝምታ)

አሁን በአፍንጫችሁ አየር አስገቡ፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት። ሆዳችሁ ከእጃችሁ ሥር ቀስ ብሎ ይነሣ። ሳትይዙት አስወጡት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት፣ አምስት፣ ስድስት። ትከሻችሁ ይውረድ። መንጋጋችሁ ይላላ፤ ጥርሳችሁ አይነካካ። አሁንም አስገቡ። አሁንም ረዘም አድርጋችሁ አስወጡ።

(ዝምታ)

ሐሳብ ይመጣል። «ልጄን ማን ይይዝልኛል» ይላል፤ «ውጤቱ ምን ይሆን» ይላል። ሐሳቡን አታባርሩት፤ አትከራከሩትም። መጥተሃል ብላችሁ ወደ እጃችሁ፣ ወደ ትንፋሻችሁ ተመለሱ። ሃያ ጊዜ ቢመጣ ሃያ ጊዜ ተመለሱ፤ ልምምዱ ይኸው መመለሱ ነው። ካዞራችሁ አቁሙና እንደ ወትሮው ተንፍሱ።

(ዝምታ)

አሁን አየር ስታስገቡ ሁለቱን ትከሻዎች ወደ ላይ አንሡ፤ ስታስወጡ ወደ ኋላ አዙራችሁ አውርዱ። ሦስት ጊዜ። ከዚያ አገጫችሁን ወደ ደረታችሁ ዝቅ አድርጉ፤ የአንገታችሁ ጀርባ ሲሳብ ይሰማችሁ።

አቅም ያላችሁ በጉልበታችሁና በመዳፋችሁ ተደገፉ። አየር ስታስወጡ ጀርባችሁን ወደ ላይ እንደ ጉብታ አድርጉ፤ ስታስገቡ ቀስ ብላችሁ ወደ ቦታው መልሱ። ሆዳችሁን ቀዶ ሕክምና የተደረገላችሁ ሐኪም ሳይፈቅድ ይህችን ዝለሏት። ሌሎቻችሁ ስድስት ጊዜ ይበቃችኋል።

በመጨረሻ ጋደም በሉ። ከጉልበታችሁ ሥር ትራስ አድርጉ። በሐሳባችሁ ከእግር ጣት ጀምራችሁ ወደ ላይ ውጡ፤ እግራችሁ ክብደቱን ለመሬቱ ይልቀቅ፤ ባታችሁ፣ ጭናችሁ፣ ዳሌያችሁ፣ ሆዳችሁ ይላላ። ፊታችሁ ይፈታ። እዚህ ላይ እንባ ሊመጣ ይችላል። ይምጣ፤ ብዙ ሴት ለወራት የያዘችውን የምትለቀው እንዲህ ስታርፍ ነው።

(ረዘም ያለ ዝምታ፤ ከዚያ ለስለስ ያለ ሙዚቃ)

ቀስ ብላችሁ በጎናችሁ ዞራችሁ ተነሡ። የሠራነው አሥር ደቂቃ አይሞላም። ጠዋት አንዴ፣ ማታ ከመተኛት በፊት አንዴ ብታደርጉት ይበቃል። ጉልበት በጠፋባችሁ ቀን፣ በተለይ ከኬሞ በኋላ ባሉት ቀናት፣ ትንፋሹን ብቻ ተኝታችሁ ሥሩ። የተዋችሁት ቀን ቢኖር ምንም አይደለም።

አሁን ስለ አንድ ከባድ ጉዳይ እንናገር፤ ወንዶች አድማጮቻችንም ስሙን። የማህፀን ካንሰር ያለባት ሴት በዳሌዋ ውስጥ ያሉ ጡንቻዎች በሕመምና በፍርሃት ሊወጠሩ ይችላሉ። ጨረር ከወሰደች በኋላ የብልት መተላለፊያ ሊጠብና ሊደርቅ ይችላል፤ ሽንት ያቃጥላል፣ ሆድ ይለቃል። ገና ወጣት ሆና የወር አበባዋ ሊቆምና ሙቀት ሙቀት ሊላት ይችላል። በአካባቢያችን ደግሞ ብዙ እናቶች በልጅነታቸው የተገረዙ፣ የተሰፉም ናቸው። ለእነሱ የማህፀን ምርመራ ራሱ ያማል፤ ያ የልጅነት ቀን በምርመራ አልጋ ላይ ተመልሶ ይመጣባቸዋል። ብዙዎች ከምርመራ የሚሸሹት በዚህ ነው፤ ማንም ሊፈርድባቸው አይገባም።

እናቴ፣ እህቴ፣ ለመመርመር ስትገቢ «ተሰፍቻለሁ፣ እፈራለሁ፣ ሴት ሐኪም ወይም ሴት ነርስ እፈልጋለሁ» ማለት መብትሽ ነው። ትንሹ የመመርመሪያ መሣሪያ እንዲሆንልሽ ጠይቂ። አልጋው ላይ ስትወጪ ያንን ረጅሙን ትንፋሽ አስታውሺ። ቀስ ብሎ መተንፈስ የተወጠረውን ጡንቻ ለማላላት ይረዳል፤ መሣሪያው ሲገባ ቀስ ብለሽ ብትተነፍሺ ሕመሙ ሊቀንስ ይችላል። «አቁሙ» ስትዪም ሊቆምልሽ ይገባል። ከጨረር በኋላ ግንኙነት ቢያምሽ ለሐኪም ንገሪ፤ መተላለፊያው እንዳይጠብ የሚረዳ መሣሪያና ማለስለሻ አለ። ባሎችም፣ ሚስታችሁ ሐኪሙ ደህና ነው እስኪላት፣ እሷም ራሷ ዝግጁ ነኝ እስክትል ታገሡ።

ጥንቃቄውን ደግሞ በሚገባ ስሙ። ዮጋ ካንሰርን አያድንም። ማንም «ይህን ሥሪና ኬሞውን ተዪ» ቢላችሁ አትስሙት፤ መዘግየት የሚገድልበት በሽታ ነው። ማህፀን በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ ለስድስት ሳምንት ያህል ከባድ ነገር አይነሣም። አንድ ሙሉ ጀሪካን 20 ኪሎ ነው! ልጆች፣ ባሎች፣ ጎረቤቶች፣ ውሃውን እናንተ ቅዱ። ካንሰሩ አጥንት ገብቷል የተባለች ሴት መጠምዘዝና ማጎንበስ የለባትም፤ ትንፋሹንና ማረፉን ትሥራ። አንድ እግር ብቻ በድንገት ቢያብጥና ቢያምም፣ ትንፋሽ ቢያጥር፣ ደረት ቢወጋ የደም መርጋት ሊሆን ይችላልና ልምምዱን ትታችሁ ያኔውኑ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ኬሞ በመውሰድ ላይ ያለች ሴት ትኩሳቷ 38 ከደረሰም እንዲሁ፤ እስኪነጋ አይጠበቅም። ብዙ ደም ቢፈስም እንዲሁ።

ጭንቀቱ በትንፋሽ የማይወጣበት ጊዜም አለ። ታማሚዋን ሁለት ሳምንት ሙሉ ምንም ነገር ደስ ካላላት፣ ካልበላች፣ ካልተኛች፣ «ብሞት ይሻለኛል» ካለች፣ ይህ ድባቴ ሊሆን ይችላል፤ የሚታከም በሽታ ነው። ለጤና ጣቢያው ንገሩ። መድኃኒትም የምክር አገልግሎትም አለ። ብቻዋን አትተዉአት። «አላህን ፍሪ፣ ምን ጎደለሽ» እያላችሁም አትገሥጿት። ሕመም የኢማን ጉድለት አይደለም። ከሷ ጋር ሻይ ይዞ ዝም ብሎ መቀመጥ ትልቅ እርዳታ ነው። ሴት ልጆችም እንዲህ በሏት፦ «ሆዮ፣ እኔም መሥራት ፈልጌ ነው፤ ነይ አብረን እንተንፍስ።» ብቻዋን የማትሠራ እናት ከልጇ ጋር ትሠራለች።

በሸደር ሦስት አራት ሴቶች ተሰባስበው ቢጀምሩትስ? ታማሚዋን በስም መለየት አያስፈልግም። «የሴቶች የትንፋሽ ሰዓት» ተብሎ ለሁሉም ይከፈት፤ የወለደችው፣ የደከመችው፣ ሰው የሞተባት ትምጣ። ከመካከላቸው የታመመችው ማንም ሳያውቅባት ትካተታለች። ቦታው የአንዷ ቤት፣ ሰዓቱ ከዐስር ሶላት በኋላ ቢሆን ለብዙዎች ይመቻል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወይም የመጠለያው የጤና ሠራተኛ ብትገኝ ደግሞ ማን ምን መሥራት እንደሌለባት ትነግራለች።

ከመሰናበታችን በፊት ላልታመማችሁት። ዕድሜያችሁ ከ30 እስከ 49 ከሆነ የማህፀን በር ቅድመ ምርመራ አድርጉ። የማህፀን በር በአሴቲክ አሲድ ይቀባል፤ የተለወጠ ቦታ ካለ በደቂቃዎች ውስጥ ነጣ ብሎ ይታያል፤ ብዙ ጊዜም ካንሰር ሳይሆን እዚያው ይታከማል። ኤች አይ ቪ በደሟ ውስጥ ያለባት ሴት ከዚያ ዕድሜ በፊት መጀመር አለባት። ለሴት ልጆቻችሁ ደግሞ ክትባት አለ። በአገራችን በኅዳር 2011 ዓ.ም. ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ተጀመረ፤ በኅዳር 2017 ዓ.ም. ከ9 እስከ 14 ዓመት ላሉት፣ በአንድ ጊዜ መርፌ፣ በዘመቻ ተሰጥቷል። ልጃችሁ ትምህርት ቤት ባትሄድም ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ «የማህፀን በር ክትባት ወስዳለች ወይ?» ብላችሁ አረጋግጡ።

በሚቀጥለው ዝግጅታችን ኬሞ የምትወስድ ሴት ምን ትብላ፣ ማቅለሽለሽ ሲበረታስ ምን ታድርግ የሚለውን ይዘን እንቀርባለን። የዛሬውን ልምምድ በዚያን ዕለትም በመጀመሪያው ደቂቃ ላይ አብረን እንደግመዋለን፤ ሰሌናችሁን አዘጋጅታችሁ ጠብቁን።

(የመዝጊያ ሙዚቃ)